ራሱን የሚያጠምቅ የለም

(በማኅበራችን የጥር ወር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

በዛሬው አጀንዳ 4ኛ ተራ ቁጥር ላይ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦላችኋል። የማኅበራችን መዝገብ፣ የገንዘብ ሳጥንና የባንክ ደብተር በየ3 ወሩ ከሥራ አመራሩ ውጭ በሆኑ 3 አባላት፣ በየዓመቱ ደግሞ ከማኅበሩ ውጭ በሆነ ኦዲተር ይመርመር የሚል ነው። ሐሳቡ ከተሰማ ጀምሮ በቡና ላይም፣ በመንገድ ላይም ብዙ ተብሏል። «አልታመንም ማለት ነው» ብለው ያዘኑ አሉ። «በእግዚአብሔር ፊት እጃችን ንጹህ ነው፤ ሰው ምን አገባው?» ያሉም አሉ። «ኦዲተር የሚጠራው ሌባ ያለበት ቤት ነው» ያሉም አልጠፉም።

እኛ በሒሳብ ክፍል የምንሠራው የተማርነው ስለ ደረሰኝና ስለ መዝገብ እንጂ ስለ መጻሕፍት ትርጓሜ አይደለም። ይሁን እንጂ ቅሬታው የተነገረው በውሃ ቋንቋ ነው። «ንጹህ»፣ «ቆሻሻ»፣ «እጄን ታጥቤአለሁ» ተብሏል። ስለዚህ እኛም መልሳችንን ከውሃው እንጀምራለን። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ብዙዎቻችን ካደግንበት ከክርስትናው ነው። ለሶላት ውዱእ የምታደርጉ ሙስሊም እህቶቻችን ግን ከመታጠብ ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅ ከእኛ እኩል ታውቃላችሁና ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

የኮልፌ ቀራንዮ ሴት ስለ ውሃ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ተነስታ ጀሪካን የምትደረድረው እሷ ናት። የትኛው ለመጠጥ፣ የትኛው ለልብስ፣ የትኛው ለወለል እንደሚሆን የምትለየውም እሷ ናት። ሳይከደን የሰነበተ በርሜል ምን እንደሚሸት ታውቃለች። ውሃው ሲቀዳ ንጹህ ነበር፤ ያበላሸው ክዳን ማጣቱና አንድ ቦታ ቆሞ መቅረቱ ነው።

ወንዛችንን ተመልከቱ። ትንሹ አቃቂ ከከተማችን ምዕራባዊ ከፍታዎች ይነሳል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ገፈርሳ ላይ የተገደበው ውሃ ተጣርቶ ለከተማው ሰው ለመጠጥ ይቀርባል። ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ ግን የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ይገባበታል፣ የጋራዡ ዘይት ይገባበታል፣ ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ይጨመርበታል። መካኒሳና ጎፋ አካባቢ በዚህ ውሃ በለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። መጨረሻው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከላይ የሚጠጣ የነበረው ከታች የማይነካ ይሆናል። ማንም ብቻውን ወንዙን አላበላሸውም፤ እያንዳንዱ «የእኔ ባልዲ ምን ያመጣል?» እያለ ደፋበት። በየመንገዱ ቆሞ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም።

ዛሬ «ሙስና» የምንለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። በግዕዝ «ማሰነ» ማለት ተበላሸ፣ ጠፋ ማለት ነው። ሙስና የጉቦና የሥልጣን ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመበላሸት ስም ነበር። የሚበላሽ ነገር ደግሞ መጀመሪያ ደህና የነበረ ነገር ነው። ይህን ልብ እንበል። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለክፉ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ክዳንም የሚያስፈልገው ለቆሸሸ ውሃ ብቻ ነው ማለት ነው። እኛ ግን የምንከድነው ንጹሁን ውሃ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀት እንሂድ። በጥር 10 ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ዕለቱን «ከተራ» እንለዋለን። «ከተረ» ማለት ገደበ፣ ውሃ አቆመ ማለት ነው። ሰው ተሰብስቦ ወራጁን ውሃ ይገድባል፣ ገንዳ ያዘጋጃል፣ ካህናቱ ሌሊቱን በጸሎት ያድራሉ፣ በማግስቱ ውሃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። በጃን ሜዳም፣ በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛም፣ በየአጥቢያውም እንዲሁ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በዓሉን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የዓለም ሰው የሚያየው ዝማሬውንና ነጭ ልብሱን ነው። እኛ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር እንይ፦ በዚያ ቀን ራሱን የሚያጠምቅ የለም። ውሃው የሚመጣብን ከሌላ ሰው እጅ ነው።

በዓሉ የሚያስታውሰው ታሪክም ይኸው ነው። ክርስቶስ ኃጢአት የሌለበት ነው ብለን የምናምን ክርስቲያኖች፣ እሱ ራሱ ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ በዮሐንስ እጅ እንደ ተጠመቀ እናነባለን። ዮሐንስ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ሊከለክል ሞክሮ ነበር፤ ክርስቶስ ግን እሺ አላለውም። ንጹህ ስለ ሆነ ከሌላው እጅ በታች መሆን አላሳፈረውም። «ንጹህ ስለ ሆንኩ ማንም አይየኝ» የሚል ትምህርት በዮርዳኖስ አልተሰጠም።

በቤታችንም ያደግንበት ሥርዓት ይህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ውሃውን ታፈስላለች። የሚበላው ሰው እጁን ዘርግቶ ይታጠባል። ታጠብ መባሉ ስድብ ሆኖበት ከማዕድ የተነሳ እንግዳ ሰምተን አናውቅም። በጸሎተ ሐሙስም ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት መታሰቢያ ነው። ጴጥሮስ በመጀመሪያ እግሬን አታጥብም ብሎ እንደ ነበር እናስታውስ። ከእሱ የምንማረው ማጠብ ብቻ ሳይሆን መታጠብም ትሕትና እንደሚጠይቅ ነው።

በዚያው ሰሞን ታሪክ ግን አንድ ሰው አለ፤ ውሃ አስመጥቶ፣ በሕዝብ ፊት፣ ራሱ ራሱን ያጠበ። ጲላጦስ ነው። ከፊቱ የቆመው ሰው በደል እንደሌለበት ያውቅ ነበር። ሚስቱም በዚህ ጻድቅ ነገር አትግባ፣ ስለ እሱ በሕልም ብዙ ተጨንቄአለሁ ብላ ልካበታለች። እሱ ግን ሥልጣኑን ተጠቅሞ መፍረድ ሲችል ሕዝቡን ፈራና ከደሙ ንጹህ ነኝ ብሎ እጁን ታጠበ። ከዚያ ፍርድ ወደ ተሄደበት ቦታ ስም እኛ በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ቀራንዮ ነው። የክፍለ ከተማችን ስም በመታወቂያችን ላይ በተጻፈ ቁጥር፣ ራስን በራስ መታጠብ የት እንደሚያደርስ ተጽፎልናል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጲላጦስ በኋላ አምኖ፣ መስክሮ እንደ ሞተ ይነገራል፤ ስሙም በክብር ይነሳል፤ ሚስቱ አብሮቅላም እንዲሁ። እንግዲህ ያነጻው ምንድን ነው? ያ የሳህን ውሃ አይደለም። በዚያን ቀን የደበቀውን እውነት በኋላ መናገሩ ነው። 

ከሁሉም በላይ ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች የሚቀርበን ታሪክ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ያለው ነው። ለደጋፊዎቻችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ንዕማን የሶርያ ጦር አለቃ ነበር፤ ለምጽ ነበረበት። የመዳኑን መንገድ የጠቆመችው ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ፣ የሚስቱ አገልጋይ ናት። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ታጠብ ብሎ ላከበት። ንዕማን ተቆጣ። የደማስቆ ወንዞች አይሻሉም ወይ አለ። አገልጋዮቹ መክረውት ወረደ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ። ስጦታ ሊሰጥ ቢለምን ነቢዩ አልቀበልም አለ።

ብዙ ጊዜ ስብከቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ምዕራፉ ግን ይቀጥላል። የነቢዩ አገልጋይ ግያዝ ንዕማንን ተከትሎ ሮጠ። ጌታዬ ልኮኛል አለ። ከኤፍሬም ተራራ 2 ጎልማሶች አሁን መጥተውብናል፤ ለእነሱ አንድ መክሊት ብርና 2 ቅያሪ ልብስ ስጥ አለ። ንዕማን ደስ ብሎት 2 መክሊት ሰጠ። ግያዝ ብሩን በቤቱ ደበቀ። ወዴት ነበርክ ሲባል የትም አልሄድኩም አለ። የንዕማን ለምጽም በእሱ ላይ ሆነ።

ይህን በእኛ ሥራ ቋንቋ እንናገረው። ግያዝ ያቀረበው የሌሉ ተረጂዎች ዝርዝር ነው። ቁጥራቸውን ተናግሯል፣ አድራሻቸውን ተናግሯል፣ የሚያስፈልጋቸውንም ለይቶ ጠይቋል። ጥያቄው በአለቃው ስም የቀረበ ነው፤ አለቃው ግን አያውቅም። ለጋሹ በቅን ልብ ከተጠየቀው በላይ ሰጠ። የደረሰኝ ወረቀት የለም፣ ሁለተኛ ፈራሚ የለም፣ ጎልማሶቹን ያየ ሰው የለም። ገንዘቡም በግለሰብ ቤት አደረ። በየትኛውም ዘመን ያለ የእርዳታ ገንዘብ የሚጠፋበት መንገድ ይኸው ነው።

ደግሞም አስተውሉ። ከወንዙ ነጽቶ የወጣው ባዕድ ነው፤ ለምጽ ተሸክሞ የቀረው በነቢይ ቤት የኖረ፣ ተአምር ሲሠራ ያየ፣ በየቀኑ ከቅዱሱ ሰው ጋር የዋለ ነው። ለተቀደሰ ውሃ ቅርብ መሆን ብቻውን ማንንም ከሙስና አይጠብቅም። ስለዚህ «የሳጥኑ ኃላፊ ጸሎተኛ ናት» ወይም «አምስት ሰዓት ሶላት የማይቀርባት ናት» ማለት ለሰውየዋ ክብር ነው፤ ለመዝገቡ ግን ምስክር አይሆንም። ግያዝን አንድ ሁለተኛ ፊርማ ሊያድነው ይችል ነበር። ቁጥጥር ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የምትይዘውን እህት ራሷን ይጠብቃል። የተቸገረችበት ሌሊት ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ እንዳይሆን ያደርጋል። ሐሜት ሲነሳ ደግሞ የምታሳየው ወረቀት ይሰጣታል።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም የምናስጠነቅቅበት ነገር አለ። የንጹህና የቆሻሻ ቋንቋ ሰውን ለመጉዳት ብዙ ጊዜ ውሏል፤ በተለይ ሴትን። በዚህችው ከተማ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ስንት ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ ተገለሉ? ውሃ የቀዳንበት እንስራ፣ ቡና ያፈላንበት ጀበና የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ውሃውን እየጠጣን እቃውን የሠራችውን እጅ «ርኩስ» አልን። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው እህቶቻችንም ብርጭቋቸው የተለየባቸውን ዘመን አንረሳም። የሰማርያዋ ሴት ታሪክ የተጻፈው ለዚህ ይመስለናል። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በማይተባበሩበት ዘመን፣ ክርስቶስ በጉድጓዱ አጠገብ የእሷን ውሃ ለመነ። በመቅጃዋ ለመጠጣት አልተጸየፈም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ የሚመረመረው መዝገቡ ነው፤ የሚመረመረው ሰው አይደለም። ኦዲተር የሚጠይቀው «ይህ 500 ብር ደረሰኙ የት አለ?» ብሎ ነው። «አንቺ ምን ዓይነት ሴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ የኦዲተር ሥራ አይደለም፤ የማኅበራችንም ሥራ ሊሆን አይገባም። ምርመራ በመዝገብ ላይ ሲሆን ሐሜት ይቆማል። መዝገብ በሌለበት ግን ምርመራው በሰው ስም ላይ፣ በጀርባዋ፣ ያለ ምስክር ይካሄዳል።

«እምነት ካለ ምርመራ ለምን?» ለምትሉን እናቶች አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ እናስታውሳችሁ። በ1990ዎቹ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጸበል ይኖሩ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒት መዋጥ በጸበሉ አለማመን ነው ብለው የተጨነቁ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ በግልጽ አስተማሩ። ሁለቱንም ይዘው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። ጸበሉ መድኃኒቱን ካልከለከለ፣ መተማመናችንም ኦዲቱን አይከለክልም።

ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፉ ሕዝቡን ታጠቡ ይላቸዋል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ስለ ሳሙናም ስለ ውሃም አያነሳም። የሚዘረዝረው ሥራ ነው፦ ፍትሕን መፈለግ፣ ለተበደለው መቆም፣ ለድሀ አደጉ መፍረድ፣ ለመበለቲቱ መሟገት። በመጽሐፉ መታጠብ የሚባለው ይህ ነው። የእኛ ሳጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ ደግሞ የማን እንደ ሆነ እናውቃለን። በየሳምንቱ የሚገባው ከጉሊት የተገኘ ነው፣ ከእንጀራ ሽያጭ የተገኘ ነው። ከእናንተ መካከል በሰው ቤት ልብስ እያጠባችሁ የምትቆጥቡ አላችሁ። ያ ብር ጣታችሁ በበረኪና እየተላጠ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወጣ ነው። በዚህች አዳራሽ ከዚያ የነጻ ብር የለም። እሱን በቆሸሸ መዝገብ ላይ ማሳደር ትልቅ በደል ነው።

ስለዚህ የውሳኔ ሐሳቡን በዝርዝር እናቅርብ።

1ኛ፣ የገንዘብ ሳጥኑ 3 ቁልፍ ይኑረው፤ 3ቱ ቁልፎች በ3 የተለያዩ አባላት እጅ ይሁኑ። ሳጥኑ ሁሉም ባሉበት ብቻ ይከፈት።

2ኛ፣ ገንዘብ የምትቀበለው፣ መዝገብ የምትጽፈውና ወጪ የምትፈቅደው አንዲት ሴት አትሁን። ዕቁባችንም ቢሆን ዳኛና ጸሐፊ ለይቶ፣ ዋስ ጠርቶ የኖረው በከንቱ አይደለም።

3ኛ፣ በየስብሰባው መጨረሻ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው የሚይዙት ሒሳብ ከማንኛውም ማኅተም የበለጠ ምስክር ነው።

4ኛ፣ በየ3 ወሩ መዝገቡን የሚያዩ 3 አባላት በዕጣ ይመረጡ፤ ተራው ለሁሉም ይድረስ። የጽዋ ማኅበር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር፣ ቁጥጥሩም ይዙር። ዛሬ የምትመረምር ነገ ትመረመራለች።

5ኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ ኦዲተር ይጠራ፤ ሪፖርቱም በዚህ መጽሔት ላይ ሙሉ በሙሉ ይታተም፤ የሚያስመሰግነው ብቻ ተመርጦ አይውጣ። ደጋፊዎቻችን የምትሰጡት ብር የት እንደ ደረሰ ከእኛ ቃል ብቻ ሳይሆን ከሌላ ሰው ምርመራም እወቁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡ ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ይገደዳሉ። ሕግ እስኪያስገድደን ሳንጠብቅ በራሳችን ውሳኔ ብንጀምረው ያኮራናል።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚጀምረው ከሒሳብ ክፍል ነው። መዝገቦቹ፣ የደረሰኝ ጥራዞቹና የባንክ ደብተሩ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ዕጣ የወጣላቸው 3 እህቶች ዛሬውኑ ወስደው ማየት ይችላሉ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ አንቀየምም። ኦዲተሩ ጉድለት ካገኘም እናርማለን፤ ካላገኘም ያንን የሚናገረው እሱ እንጂ እኛ አንሆንም።

እናቶቻችን፣ ማስታጠቢያው ወደ እኛ ሲመጣ እጃችንን እንዘርጋ። አሁን ድምፅ እንስጥ።